የቃር ክኒን

ቀማሿ ከትንሿ ጠርሙስ ሦስት ጠብታ አሲድ አሥራ አራተኛው ስኒ ውስጥ አንጠባጥባ ክዳኑን ስታጠብቅ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ዞር አላለችም። ማን እንደገባ ከኮቴው በፊት ሳሉ ነግሯታል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚጠርግ ሳል።

“ጠረጴዛውን እንዳትነካው፤ ቡናው ተቀድቷል” አለች።

“አልነካም። አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት” አለ ሰውየው በሩን ከኋላው እየዘጋ።

ቀማሿ እንበላት እንጂ የደመወዝ መዝገቡ ላይ “ስኒ አጣቢ” ከተባለች አሥራ አንድ ወር ሆኗታል። ከዚያ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ቡና እየገዛ ወደ ውጭ በሚልከው በዚሁ ድርጅት ውስጥ፣ ማንኪያዋን ይዛ በጠረጴዛው ዙሪያ ስትዞር፣ ፉት ስትል፣ ስትተፋ፣ የአንዱን ማሳ ቡና ከሌላው ስትለይ ነው የኖረችው። ቡናውን ከማንኪያው ስትስብ የምታሰማው ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ይሰማ ነበር። እናቷ “ሰው ቤት ሾርባ ስትጠጪ እንዳታዋርጂኝ” ትላት ነበር። ዛሬ ያ ማንኪያ የእሷ አይደለም። እሷ ቡና ትፈጫለች፣ ውሃ ታፈላለች፣ ስኒ ታጥባለች፣ የተተፋበትን ባልዲ ትደፋለች። ማንኪያው አሁን በገባው ሰውዬ እጅ ነው። ቢሮው በሙሉ የሚጠራው ምላሰ ወርቅ እያለ ነው፤ አንድም ስለሚቀምስበት፣ አንድም ስለሚያወራበት።

በዚያ ቤት በዓመት አንድ ቀን ቀማሹ ራሱ ይቀመሳል። ሦስት ሦስት ስኒ በስድስት ረድፍ ይደረደራል። ሁሉም ቀጠን ብሎ የተፈላ አንድ ዓይነት ቡና ነው፤ በየረድፉ ግን አንደኛው ስኒ ላይ ጥቂት የአሲድ ጠብታ ይጨመርበታል፤ አንዱ ጋ የሎሚ፣ ሌላው ጋ የፖም፣ ሌላው ጋ የኮምጣጤ። ቀማሹ የተለየውን ስኒ ማግኘት አለበት። ከስድስቱ አምስቱን ያገኘ ማንኪያውን ይዞ ይወጣል፤ ያላገኘ አስቀምጦት ይወጣል። ቀኑ ዛሬ ነበር፤ ሰዓቱም ለአራት ሩብ ጉዳይ።

“ክኒን ይኖርሻል?” አለ ምላሰ ወርቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “የቃር። አንቺ ጋ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።”

ያን ጊዜ ዞረች። መዳፉን ደረቱ መሀል ላይ ተጭኖታል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

“ለማን ነው?”

“ለእኔ ነው እንጂ። ሦስት ወር ሊሆነኝ ነው። ጋደም ስል ሽቅብ ይወጣና አፌን ያመጥጠዋል። ዛሬ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ለቀቅ አላደረገኝም። ስድስት ናሙና በባዶ ሆዴ ቀምሻለሁ።”

ቀማሿ ደስ አላት። ውሸት ምን ያደርጋል፤ ደስ አላት፣ ደስታውም እስከ እግር ጣቷ ወረደ። ነገሩን እሱ ዛሬ ይንገራት እንጂ እሷ ካወቀችው ሁለት ወር አልፎታል። ወተት በጠርሙስ ይዞ መምጣት ሲጀምር አይታለች። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ መንጋለል ሲተው፣ ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ ሲያላላ፣ ቅምሻ መሀል ምራቁን ደጋግሞ ሲውጥ አይታለች። በዚያ መንገድ እሷም አልፋበታለች። ቀማሽ ምላሱ እንዳይደበዝዝ ጠዋት ቁርስ አይበላም፤ ሌላው ሰው በእንቅልፍ ልቡ ሳለ እሱ ባዶ ሆዱ ላይ ሠላሳ ማንኪያ ቡና ይስባል። ይተፋል ይባላል እንጂ ጥሩ ቡና ማን ይተፋል? ጥሩው ሲመጣ ሁሉም ይውጣል።

የእሷ ጨጓራ አምና ነበር የተናገረው። ያን ጊዜ ከኃላፊው ሌላ የሚቀምሱት ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ እሷና ምላሰ ወርቅ። አሮጌው ዋና ቀማሽ ጡረታ ወጥቶ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ በዓመቱ ፈተና የበለጠው ይቀመጥበት ተባለ። አንዱ ሲፈተን ሌላው ስኒ ያሰናዳለት፣ ቅጽም ይሞላለት ነበር። የእሷ ተራ ደርሶ ሆዷን ይዛ ስታቃስት አያትና ቀረብ ብሎ “ምን ሆነሻል?” አላት። እሷም የሆዷን ነገረችው፤ ሌሊት እንደሚያቃጥላት፣ ሐኪም ቤት ለመሄድ እንደፈራች፣ ለኃላፊው ለጋሼ ላለመናገር እንደቆረጠች። ከጃኬቱ ኪስ ሁለት ነጫጭ ክኒኖች አወጣ። “ሚስቴ እርጉዝ ስለሆነች ቃር ፈጅቷታል፤ ከኪሴ አይጠፋም” አለ። “ውሰጂ እህቴ፣ ያበርድልሻል።”

አኘከቻቸው፣ በረደላት፣ ገባች። ከስድስቱ ረድፍ ሁለቱን ብቻ አገኘች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ስቶ የማያውቅ ምላሷ ያን ቀን እንጨት ሆነባት፤ ለምን እንደሆነም አልገባትም። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ምላሰ ወርቅ ተነስቶ፣ ያዘነ ሰው መስሎ፣ “ጨጓራዋ ምላሷን አቃጥሎታል፤ ለራሷ ጤና ስንል ከቡና ብናርቃት ይሻላል” አለ። የአደራ ገመናዋን በሁሉ ፊት ዘረገፈው። እሷ ስኒ ማጠቢያው ጋ ተመደበች፤ እሱ ወንበሩ ላይ ወጣ።

ሐኪም ቤት የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጭን ካሜራ በጉሮሮዋ አውርደው አዩና ቁስለት አገኙባት፤ ተህዋሲም ነበረበት። “ቁስሉን ያመጣው ቡናው አይደለም” አላት ሐኪሙ፣ “በባዶ ሆድ ሲወርድበት ግን አቀጣጥሎታል።” የሁለት ሳምንት መድኃኒት፣ ከዚያ የአሲድ መቀነሻ፣ እራት በጊዜ፣ ቡና ከምግብ በኋላ ብቻ። ዳነች። ሆዷ ዳነ ማለት ነው፤ ሌላው አልዳነም።

ክኒኑ ምን እንዳደረጋት የገባት ደግሞ እናቷ ጥርስ ላይ ነው። እናቷ ቀኑን ሙሉ ሻይ በሎሚ ስትጎነጭ የምትውል ሴት ናት፤ ጥርሷ እየሳሳ ሄዶ ቀዝቃዛ ውሃ በነካው ቁጥር መቀመጫዋን ትለቅ ጀመር። አንድ እሑድ ነርስ የሆነችው የቀማሿ ታላቅ እህት መጥታ በባትሪ እያየች ትቆጣለች።

“ሻዩ አይደለም እማዬ፣ ሎሚው ነው። ጥርስሽን ቀኑን ሙሉ በአሲድ ስታጥቢው ምን ይሁን? መጠጣት ካለብሽ ባንዴ ጠጥተሽ ጨርሽ። ከዚያ በውሃ ተጉመጥመጪ። ወዲያው ግን አትቦርሺው።”

“ስኳሩን ከለከላችሁኝ፣ ጨውን ከለከላችሁኝ። ሎሚውን ስትወስዱ ከኔ ጋር ማን ይቀመጣል?” አለች እናት።

“እንግዲያው የዚችን ክኒን እየላስሽ ጠጪው” ብላ ሳቀች ነርሷ ወደ ቀማሿ እየጠቆመች። “የቃር ክኒን እኮ ኖራ በይው፤ ሥራው አሲድ መግደል ነው። አኝከውት ምላስ ላይ ሲለጠፍ ኮምጣጤ ቢያጠጡሽ በቅጡ አይታወቅሽም።”

ቀማሿ የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። 

ከሳምንት በኋላ የሰነድ ቁም ሳጥኑን እንድታጸዳ ታዘዘች፤ ያምናው ቅጽ እጇ ገባ። ቅጹ ላይ አንድ መስመር አለ፤ “ከፈተናው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ተፈታኙ የወሰደው ምግብ፣ መጠጥ ወይም መድኃኒት”። እዚያ ላይ ነገር ከተጻፈ ፈተናው ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል፤ ደንቡ ይኸው ነው። ክኒኑን በገዛ እጁ የሰጣት ሰው በዚያ መስመር ላይ፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፉ፣ “ምንም” ብሎ ጽፎበታል። ለጋሼ ብትናገር ምን ሊረባት? ጋሼ የተጻፈ እንጂ የተወራ አይሰሙም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ቅጹን ወደ ቦታው መለሰችና ቀን መቁጠር ጀመረች። እናቷ ፊቷን አይታ “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” አለቻት። ሳሉ ግን የምላሰ ወርቅ ሆነና አረፈው።

አሁን ያ ሰው ፊቷ ቆሟል። ሽርጧ ኪስ ውስጥ አሥር የቃር ክኒን የታሸገበት ልጥፍ አለ፤ ባለፈው ሳምንት ለዚህ ቀን ብላ የገዛችው ነው። ያሰበችው ነገር ትልቅ አልነበረም። ከፈተናው በፊት ቀርባ፣ ያን የራሱን ቃል ተናግራ፣ ክኒኑን ልትሰጠው ነበር። ክኒኑ ምላስን ምን እንደሚያደርግ እሱ ያውቃልና አይወስድም። አለመውሰዱ ራሱ ኑዛዜው ይሆናል። ያን ፊት ለማየት ነበር ቅጹን ካገኘች ጀምሮ ቀን ስትቆጥር የኖረችው።

ልጥፉን ከኪሷ አወጣች። ዓይኗን ከፊቱ ላይ ሳትነቅል፣ ቃላቱን አንድ በአንድ፣ “ውሰድ፣ ያበርድልሃል” አለችው።

“እግዜር ይስጥሽ” አለና ከእጇ ነጠቃት። “ስንት ይበቃኛል? ሁለት ላድርገው?” ሁለቱን ፈልፍሎ ልጥፉን መለሰላት፤ ክኒኖቹን አፉ ውስጥ ከተታቸውና እንደ ቆሎ ያኝካቸው ጀመር። ከንፈሩ ዳር ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ።

ቀማሿ ክው ብላ ቀረች። አያውቅም። ይህ ሰው፣ ፈተናው ሩብ ሰዓት ሲቀረው፣ ምላሱን በኖራ እየመረገ ነው፤ አያውቅም ማለት ነው። አምናም አያውቅም ነበር። ክኒኑን የሰጣት ደግ ሰው ሆኖ ነው። አሥራ አንድ ወር ያሳደገችው ጥላቻ ከሥሩ ሲነቃነቅ ተሰማት። “ትፋው፣ በሙቅ ውሃ ተጉመጥመጥ” ልትለው አፏን ከፈተች።

እሱ ቀደማት። “አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቅጹ ላይ ምንም ብለሽ ጻፊ። ጋሼ ጨጓራ እንዳለብኝ ካወቁ አለቀልኝ። እኔም አምና ላንቺ ምንም ብዬ ሸፍኜልሽ አልነበር?”

“ሸፈንክልኝ?” አለች።

“ታዲያስ። አሞሻል ብዬ ብጽፍ ያን ቀን ነበር የምትወጪው።”

ሸፈንኩልሽ አለ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ ሆዷን በሁሉ ፊት የገለጠው ሰው ሸፈንኩልሽ አለ። ልትናገረው የነበረው ነገር አፏ ላይ ደረቀ። በምትኩ የመጣው ንዴት ከዚያ ከአሥራ አንድ ወሩ ይልቅ ንጹህ ነበር፤ ምንም ጥርጣሬ የለበትም።

“እርግጠኛ ነህ? ምንም ብዬ ልጻፍ?” አለችው።

“ምንም በይልኝ እህቴ። ውለታሽን አልረሳም።”

“እሺ” አለች። እስክሪብቶዋን ከጆሮዋ ጀርባ አውርዳ እያየ “ምንም” ብላ ጻፈች።

አራት ሰዓት ሲሆን ጋሼ ገቡ። የቅምሻውን ክፍል ከሃያ ዓመት በላይ የመሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ሰዓታቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና “ጀምር” አሉ። ቀማሿ የመትፊያውን ባልዲ ከእግሩ አጠገብ አኖረችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ምላሰ ወርቅ እንደወትሮው ነበር፤ ማንኪያውን እያሽከረከረ፣ ጮክ ብሎ እየሳበ፣ ቅንድቡን እያነሳ። መሀለኛውን ስኒ ወደ ፊት ገፋው። ከሥሩ የተለጠፈውን ቁጥር እሷ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ልክ አልነበረም። ሁለተኛው ላይ ሁለት ጊዜ ዞረ። ሦስተኛው ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ። ምላሱን ከላንቃው ጋር አጣብቆ ሲያላቅቀው የሚሰማውን ድምፅ ታውቀዋለች፤ አፉ ውስጥ ያለ ነገር አልለቅ ያለው ሰው ድምፅ ነው። ያን ድምፅ አምና እዚሁ ቦታ እሷ አሰምታዋለች። ግንባሩ ማላብ ጀመረ።

አራተኛው ረድፍ ላይ ማንኪያው ቆመ። ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ብድር በምድር ነው፤ የሚከፈልበትን ቀን ቆሞ ማየት ግን ለሁሉም አይታደልም። ለእሷ ታድሏታል፤ ግድግዳው እየቀዘቀዛት፣ እጇን አጣምራ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ ተመለከተች።

ጋሼ ስኒዎቹን አንድ በአንድ አንስተው ከሥር አዩ። “ሦስት” አሉ። ደግመው አዩ። “ሦስት ብቻ ነው ያገኘኸው።” መነጽራቸውን አወለቁ። “ቅጹን አምጪልኝ” አሏት ቀማሿንና ወደ ቢሯቸው ገቡ።

ምላሰ ወርቅ ስኒ ማጠቢያው ድረስ ተከትሏት መጣ። ቅጹ የተቆነጠጠበትን ሰሌዳ ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

“ጻፊው” አለ እየተንተባተበ። “ክኒኑን ጻፊው። ፈተናው ይዛወርልኝ።”

“ምንም በይ አልከኝ፤ ምንም ብያለሁ።”

“አላወቅኩማ። አፌ ኖራ ሆነ እኮ። ሁሉም አንድ ሆነብኝ።” ፊቷን አየ። “አንቺ ታውቂ ነበር?”

“አንተ ካቀመስከኝ ወዲህ ነው ያወቅኩት።”

 ወደ ኋላ እየቆጠረ እንደሆነ ዓይኑ ያስታውቃል። የቧንቧው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

“ያን ቀን ሁለት ሰጥቼሽ ነበር” አለ በመጨረሻ።

“ሁለት።”

“ክፉ አስቤ አይደለም። ክኒኑን ስሰጥሽ ክፉ አላሰብኩም፤ በልጄ እምላለሁ።”

“አምኜሃለሁ” አለች። “እሱን ዛሬ ነው ያመንኩህ።”

“ታዲያ ምን አድርጌሽ ነው?”

“ቅጹስ?”

ዓይኑን ወደተደረደሩት ስኒዎች መለሰ። 

“ወንበሩ አንድ ነበር” አለ። “እኛ ደግሞ ሁለት። ክኒን ወስዳለች ብዬ ብጽፍ በሌላ ቀን ተፈትነሽ ትበልጪኛለሽ። ሁልጊዜም ትበልጪኝ ነበር።”

ይህን ከአፉ መስማት እንደምትፈልግ እስከዚያች ደቂቃ አላወቀችም ነበር።  ድምፅዋም ለራሷ እስኪገርማት ረጋ አለ።

“እንግዲያው ግባና ይችኑ ለጋሼ ንገራቸው” አለችው። “ክኒን ሰጥቻት ምንም ብዬ ጻፍኩ በል። ሌላ አልልህም። እኔም ይችን ሰርዤ ክኒን ወስዷል እላለሁ። ሁለታችንም በንጹህ አፍ እንፈተን። ከበለጥከኝ ወንበሩን መርቄልህ ስኒዬን አጥባለሁ።”

የጋሼን ቢሮ በር አየ። ሁለት እርምጃ ነው። ቀማሿ እንዲገባ መፈለጓን ኋላም አልካደችውም። እጁን ወደ በሩ ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበው።

“ሐሰተኛ ሰነድ ይሉታል” አለ። “ስኒ ማጠቢያ አይመድቡኝም፤ ነው የሚያባርሩኝ። ልጄ ገና ዳዴ እያለች ነው። ተይ እህቴ፤ ያምናውን በሆድሽ ያዥው።”

“በሆዴ ይዤው ነው እኮ የቆሰለው።”

አለችውና ጥላው ገባች። ልጅቷን አስባት ነበር፤ አላሰበችም አንልም። ነጭ ክኒኑን ያስገዛችው ያን ጊዜ ገና ያልተወለደችው ያቺ ልጅ ነበረች፤ ምንም አላጠፋችም። የቀማሿም እናት ምንም አላጠፋችም፤ ግን ደመወዙ ሲቀንስ ሎሚው ሳይቀር ተቆጥሮ የተገዛው በእሷ ቤት ነው።

ጋሼ ቅጹን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ጣታቸውን በየመስመሩ ላይ እየጎተቱ ወረዱና አንዱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

“ምንም?” አሉ።

“ምንም ጋሼ።”

“በዓይንሽ አይተሻል?”

 “ቅጹ ላይ ያለው እሱ ነው” አለች። “እሱም እዚያው ቆሞ አይቶታል። ይጠየቅ።”

ጋሼ ወደ በሩ ጮክ ብለው ጠሩት። ምላሰ ወርቅ ደፍ ላይ ቆመ። “ምንም ነው የሚለው። ትክክል ነው?” አሉት።  ከንፈሩ ዳር ያለው ነጭ ዱቄት እስካሁን አልተጠረገም፤ እሷ ታየዋለች፣ የጋሼ መነጽር ግን ለቅርብ እንጂ ለሩቅ አይሠራም። አንድ ጊዜ ሳለ። አንድ ጊዜ እሷን አያት።

“ትክክል ነው” አለና ወጣ።

ጋሼ ፈርመው ቅጹን ዘጉት። 

“የውጭ ገዢዎቹ ሰው ነገ ለቅምሻ ይመጣል” አሉ። “እኔ ምላሴ አርጅቷል፣ አልደብቅሽም። ሆድሽ እንዴት ነው?”

“ድኗል ጋሼ። ሐኪም ጽፎልኛል።”

“የተጻፈ አለሽ?”

“ቤት አለ። ነገ ይዤው እመጣለሁ።”

“እንግዲያው ዛሬ አንቺን እንይሽ። ስኒውን እኔ ራሴ አሰናዳለሁ። ግማሽ ሰዓት ስጪኝ። እስከዚያ ውሃ ካልሆነ በቀር ምንም አፍሽ እንዳይገባ።”

ከቢሮው ስትወጣ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። ማጠቢያው ጋ ደርሳ ጠርዙን ስትይዝ ነው የመጣባት። መጀመሪያ ከደረቷ ግርጌ ሞቅ አለ፣ ቀጥሎ እንደ ፍም ሽቅብ ወጣ፣ ጉሮሮዋን ለበለበውና ምላሷን አመጠጠው። ለስድስት ወር ጠፍቶ የከረመው ቃር ነው። ቡና ከሆነ አልቀመሰችም፤ ቁርሷንም በልታለች፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ሁሉ አድርጋለች።

እጇ ሳታዘው ኪሷ ገባ። ልጥፉ ላይ ስምንት ክኒን ቀርቷል። አንዱ ይበቃታል፤ በሁለት ደቂቃ ይበርድላታል። አንዱን በአውራ ጣቷ ከፈለፈለችው በኋላ መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። ሰው አያያትም፤ ቅጿንም የሚሞሉት ጋሼ ናቸው፣ የነገረቻቸውን ይጽፋሉ።

ክኒኑን ወደ ቦታው መልሳ ቀዳዳውን በጥፍሯ ደፈነችው።

ምላሰ ወርቅ የቅምሻው ክፍል መግቢያ ላይ ካለው ጠረጴዛው ዘንድ ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ማንኪያው ፊቱ ተጋድሟል። መጥታ ስትቆምበት ቀና አለ። ምናልባት ምሕረት ጠብቆ ይሆናል፤ ፊቱ ላይ ትንሽ ብርሃን የመሰለ ነገር ነበር። ልጥፉን ከማንኪያው አጠገብ አስቀመጠችለት።

“ውሰድ፣ ያበርድልሃል” አለችው። “ከእንግዲህ የፈለግከውን ያህል ብትወስድ የሚጠይቅህ የለም።”

ማንኪያውን አነሳች። ቧንቧው ጋ ሄዳ በለብታ ውሃ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች፣ ማንኪያውንም አለቀለቀች። ሰዓቱ ሲደርስ ጋሼ ከውስጥ ጠሯት፤ ደረቷ እየነደደ ገባች።